ለማርስ ብርጌድ ስንት መኪና ይበቃል? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 28

ልብ ወለዱ ምዕራፍ አራት ላይ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው። ያቆመኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ብርጌዱ በማግስቱ ሸለቆው አፍ ላይ ደረሰ።» ጽፌው ወደሚቀጥለው አንቀጽ ልሄድ ስል እጄ እምቢ አለኝ። በምን ደረሰ? ስንት ሰው ነው? መንገድ ላይ ምን በላ? ያለነው ማርስ ላይ ነውና ምንስ ተነፈሰ? መልሱን ሳላውቅ ጦርነቱን መጻፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ታሪኩን ላቁምና መጀመሪያ ሒሳቡን ልሥራ ብያለሁ። እዚህ የማሰፍረው እየሠራሁ ነው፤ ያበላሸሁትንም አልሰርዝም፣ ምክንያቱም ብዙውን የተማርኩት ካበላሸሁት ነው።

ለማያውቅ ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ማርስ ላይ ሰው ሰፍሯል፣ ሁለት ከተሞች በውሃ ተጣልተዋል፣ አንደኛዋ አንድ ብርጌድ ወደ ቫሌስ ማሪነሪስ ትልካለች። ይሄ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ አንዳንድ ቦታ ላይ 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠልቅ ሸለቆ ነው። ከከተማዋ እስከ ሸለቆው አፍ 900 ኪሎ ሜትር አድርጌዋለሁ።

ብርጌዱን እንዲህ ሠራሁት። ሦስት እግረኛ ሻለቃ፣ እያንዳንዱ 600 ሰው። መድፈኛ 300፣ መሐንዲስ 300፣ ቃኚ 200፣ ዋና መምሪያና መገናኛ 200፣ ጥገና፣ ሕክምናና አቅርቦት አንድ ላይ 700። ድምሩ 3,500።

የመጀመሪያ ሒሳቤ አንድ መስመር ናት። ብረት ለበሱ 10 ሰው ከያዘ፣ 3,500 ለ10 ሲካፈል 350 መኪና። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 30

ጠዋት አንድ ነገር ረበሸኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ ጦሩ የሚመጣው ከምድር ነበር። እሱን ሳልፈትሽ ስለ መኪና ማውራቱ ትርጉም የለውም።

ከምድር ወደ ማርስ በተለመደው መንገድ ለመሄድ ሰባት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ጥሩው የመነሻ ጊዜም የሚመጣው በየ26 ወሩ ነው። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግድም ኦክስጅን ይተነፍሳል። ምግቡን ከነማሸጊያው 1.8 ኪሎ፣ ውሃውን 3 ኪሎ አድርጌ ያዝኩ። ለ3,500 ሰው ለ210 ቀን ሲባዛ 4,145 ቶን ወጣ። ውሃው ተጣርቶ ተመልሶ ይጠጣል ብል እንኳ (ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2023 ውሃን 98 በመቶ መልሶ መጠቀም ላይ ደርሷል)፣ ምግቡ ብቻውን ከ1,300 ቶን ይበልጣል። ሰዎቹ ራሳቸው ከነልብሳቸው 400 ቶን አይሞሉም። የምጭነው ጦር መስሎኝ ነበር፤ ለካ አብዛኛው ጭነት ቀለብ ነው።

ንግሥት ሜሪ የምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ጭና አትላንቲክን ተሻግራለች። ይህን ሳነብ «ታዲያ ማጨቅ ይቻላል!» አልኩ። ግን የእሷ ጉዞ ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው። ለጥቂት ቀን ሰው በፈረቃ ይተኛል፣ ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ይታገሣል። ሰባት ወር ሌላ ነገር ነው። ሰውን እንዴት እንደምጭን የሚወስነው የጉዞው ርዝመት ነው ማለት ነው፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ማስታወሻ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፍኳት።

ውሳኔ፦ ከምድር የሚመጣ ጦር የለም። ብርጌዱ ማርስ ላይ ተወልዶ ያደገ ነው። ይሄ ታሪኩንም ቀየረው፤ አዛዧ ከእንግዲህ እንግዳ አይደለችም፣ የምትወጋው የጎረቤቶቿን ከተማ ነው። ምዕራፍ አንድን እንደገና መጻፍ አለብኝ። ይሁን፤ የተሻለ ታሪክ ነው።

ጥር 3

ወንበር ቆጠራ። ቀላሉ ክፍል ይሄ ነው ብዬ ነበር።

አልሆነም። ሰው እንደ ጤፍ እኩል እየተሰፈረ አይጫንም፤ በጓድ፣ ማለትም አብሮ በሚዋጋ ትንሽ ቡድን ነው የሚንቀሳቀሰው። የአሜሪካው ብረት ለበስ ብራድሌይ ከ3 ምድብተኛው (መኪናውን ከሚያንቀሳቅሱት ሰዎች) ሌላ የሚይዘው 6 ወይም 7 ተሳፋሪ ነው፤ የአገሩ እግረኛ ጓድ ግን 9 ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ጓድ ለሁለት ተሰንጥቆ ይጫናል፤ ሲወርዱ የጓዱ መሪ ግማሹን ሰው ሌላ መኪና ኋላ ሄዶ ይፈልጋል። ጭስ ውስጥ፣ ተኩስ ውስጥ። እኔ ይህን አልፈልግም። ጓዴ 9 ነው፤ መኪናዬ 9 ተሳፋሪ፣ 2 ምድብተኛና አንድ ትርፍ ወንበር አለው። ትርፉ ለሕክምና ባለሙያ ወይም ለመገናኛ ሰው ነው። ቁስለኛ ሲመጣም ቦታ አለ።

ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ የመቶ ክፍል ሦስት ጓድና የራሱ አመራር አለው፤ አራት መኪና። በአንድ ሻለቃ እንዲህ ያሉ ዘጠኝ የመቶ ክፍሎች አሉ፤ 36 መኪና። የሻምበል አመራሮች 6፣ የድጋፍ ተኩስ 10፣ የሻለቃ መምሪያ 8። ለአንድ ሻለቃ 60፣ ለሦስቱ 180።

እዚህ ላይ ቆምኩ። 180 መኪና በሁለት ምድብተኛ 360 ሰው ነው። እነዚህ 360 ሰዎች ከየት መጡ? 3,500ው ውስጥ የሉም! ሹፌሩን ረስቼዋለሁ። ከጓዱ ላይ ሹፌር ልውሰድ ብል ጓዱ ወርዶ ሲዋጋ 7 ሰው ይሆናል። ስለዚህ ብርጌዱ 3,860 ሆነ። መኪና ሲበዛ መካኒክ ይበዛል፤ 140 ጨመርኩ። 4,000። እነሱም ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ።

መድፈኛው፣ መሐንዲሱና ቃኚው 60 ልዩ ተሽከርካሪ ይኑራቸው። 180 እና 60፣ ባጠቃላይ 240። ዕቃ ጫኝ መኪና ገና አልተቆጠረም።

ጥር 6

ዛሬ ጥቂት ነው የሠራሁት፤ የሰውየውን ክብደት ብቻ። የአፖሎ ጠፈርተኞች ልብስ ከነጀርባ ቦርሳው ወደ 90 ኪሎ ነበር። የእኔ ወታደሮች ዘመን ሩቅ ስለሆነ 45 ኪሎ አድርጌዋለሁ። ሰውየው 75፣ ልብሱ 45፣ መሣሪያና የግል ጓዝ 25። አንድ ወታደር 145 ኪሎ።

የማርስ ስበት ከምድር 38 በመቶ ነው። ስለዚህ ያ 145 ኪሎ ሲሸከሙት እዚህ 55 ኪሎ የሚሰማንን ያህል ነው የሚከብደው። ግን ልብ በሉ፣ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደፊት የሚወረወረው ያው 145 ኪሎ ነው። ስበት ስለቀነሰ ዕቃው አልቀነሰም። ቀበቶ፣ ገመድ፣ ማሰሪያ እንደ ምድር መጥበቅ አለበት፤ የጎማው ጭብጥ ግን ደክሟል። የማርስ ሹፌር ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው። አማካይ ፍጥነት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ በቀን 10 ሰዓት ጉዞ፤ 150 ኪሎ ሜትር። 900ው ስድስት ቀን ይወስዳል።

«በማግስቱ ደረሰ» የሚለው ተሰረዘ።

ሄሊኮፕተር የሚል ካለ፦ ኢንጂኑይቲ የተባለችው ሄሊኮፕተር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2021 ማርስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በራለች፣ በድምሩም 72 ጊዜ በረራ አድርጋለች። የምትመዝነው ግን 1.8 ኪሎ ብቻ ነበር፤ አየሩ የምድርን አንድ በመቶ ገደማ ነው የሚሆነው። 20 ቶን ብረት በዚያ አየር ላይ በክንፍ አይነሳም። ጎማ ወይም ሮኬት፤ ሌላ የለም።

ጥር 8

ነዳጅ። እዚህ ላይ ሁለት ቀን አሳልፌያለሁ፤ ደስ ያለኝም እዚህ ነው።

ምድር ላይ መኪና ሲነዳ ኦክስጅኑን ከአየር ስለሚያገኝ በነፃ ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። ማርስ ላይ አየሩ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሞተሩም እንደ ሰውየው ኦክስጅን ተሸክመህለት መሄድ አለብህ። ሚቴን መረጥኩ፣ ማርስ ላይ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱና ከውሃ ሊመረት ስለሚችል። 1 ኪሎ ሚቴን ለማቃጠል 4 ኪሎ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ከነዳጁ ኦክስጅኑ አራት እጥፍ!

የፀሐይ ኃይል ለምን አይሆንም ያልኩበት ጊዜ ነበር። ግን ማርስ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ምድር ላይ ከሚደርሰው ግማሽ አይሞላም፣ የአቧራ ማዕበሉም አለ። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው ሮቨር (ማርስን የምታስስ ሰው አልባ ተሽከርካሪ) ከ14 ዓመት ሥራ በኋላ ዝም ያለችው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ፀሐይዋን አቧራ ሸፍኖባት ነው። ጦር በዚያ ላይ ተማምኖ መንገድ አይወጣም።

ሒሳቡ ይሄው። መኪናው 20 ቶን ነው። ላላ አሸዋ ላይ የጎማው መጎተት የክብደቱን 15 በመቶ ያህል ነው ብዬ ያዝኩ። በማርስ ስበት ለ900 ኪሎ ሜትር 10 ቢሊዮን ጁል ግድም ይሆናል። ሚቴኑ ከነኦክስጅኑ በኪሎ 10 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል፤ ግማሹ በሙቀት ይባክናል ብል 2 ቶን ድብልቅ ያስፈልገኛል። ለማሞቂያና ለመብራት ግማሽ ቶን ጨመርኩ። 2.5 ቶን ለአንድ መኪና፣ ለመሄጃ ብቻ። ለ240 መኪና 600 ቶን።

በዚህ ላይ የሰው ቀለብ አለ። ለ30 ቀን እናስብ፦ ስድስት ቀን መሄጃ፣ ስድስት ቀን መመለሻ፣ ቀሪው ውጊያና መጠባበቂያ። በሰው በቀን 2 ኪሎ ምግብ፣ 1 ኪሎ ኦክስጅን (ወታደር ሲሮጥ ብዙ ይተነፍሳል)፣ 2 ኪሎ ውሃ። 5 ኪሎ በ4,000 ሰው፣ በ30 ቀን፤ 600 ቶን። ጋኑ፣ ሲሊንደሩ፣ ሳጥኑ 30 በመቶ ይጨምራል። 780 ቶን።

ደክሞኝ ዘጋሁት።

ጥር 9

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ሚቴን ሲቃጠል ምን ይወጣዋል? ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ። ውሃ!

ተነስቼ መብራት አበራሁ። 1 ኪሎ ሚቴን ሲቃጠል 2.25 ኪሎ ውሃ ይሰጣል። 2.5 ቶኑ ድብልቅ ውስጥ ግማሽ ቶን ሚቴን አለ፤ ስለዚህ አንድ መኪና ሸለቆው አፍ ሲደርስ 1,125 ኪሎ ውሃ ሠርቷል። በ240 መኪና 270 ቶን። ብርጌዱ ለ30 ቀን የሚፈልገው 240 ቶን ነው። ይበቃል!

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የአፖሎ መንኮራኩሮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አዋህዶ ኃይል ከሚሰጥ የነዳጅ ሴል ነበር፣ ጠፈርተኞቹም ከዚያ የወጣውን ውሃ ይጠጡ ነበር። እኔ ግን ከገዛ ሠንጠረዤ ላይ ተነስቶ ሲመጣልኝ እንደ አዲስ ነው ያየሁት። ከነገ ጀምሮ የጭስ ማውጫው ላይ ማቀዝቀዣና ማጠራቀሚያ ከረጢት አለ። የሰው ቀለብ ከ5 ወደ 3 ኪሎ ወረደ፣ 780ው ቶን 468 ሆነ። መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የሚጠጡትን ከከተማ ሞልተው ይወጣሉ፤ እሱ ትንሽ ነው።

ሌላም ነገር ገባኝ፣ ይሄኛው ከበድ ይላል። ሰውየው የሚተነፍሰውና ሞተሩ የሚያቃጥለው ኦክስጅን አንድ ነው፤ ከአንድ ጋን ሊቀዳ ይችላል። ሹፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ከኋላው የተቀመጡት የዘጠኝ ሰዎች ትንፋሽ ይቀንሳል። ይሄ ምዕራፍ አምስት ነው። ምዕራፍ አምስት ምን እንደሚሆን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

ጥር 12

ቃና ዘገሊላ። አጎቴ ለምሳ መጣ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ዕድሜውን የጨረሰው የጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ «ይሄ ሁሉ ቁጥር የምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት። ማርስ የሚለውን አልፎ በቀጥታ ወደ ጭነቱ ገባ።

«ስንት ኩንታል ነው የሚይዘው መኪናሽ?»

«20 ቶን፣ ጋሼ። 200 ኩንታል።»

«ምን ትጭኚበታለሽ?»

«ምግብ ነው። ደረቅ ስንቅ፣ በካርቶን።»

ራሱን ነቀነቀ። «20 ቶን አይገባልሽም። ሲሚንቶና ፍራሽ አንድ ነው እንዴ? ሲሚንቶ ስትጭኚ መኪናው ግማሽ ሳይሞላ ሚዛኑ ያልቃል። ፍራሽ ስትጭኚ እስከ ሸራው ድረስ ሞልተሽ፣ ሚዛን ላይ ስትወጪ ባዶ ነሽ። ቁመቱን፣ ስፋቱን ስንት ብለሻል?»

አላልኩም ነበር። ኪሎ እንጂ ሜትር ኩብ የሚል ዓምድ ሠንጠረዤ ውስጥ የለም። አብረን ቁጭ ብለን ሠራነው። የመኪናው ሳጥን 40 ሜትር ኩብ፣ የታሸገ ስንቅ በሜትር ኩብ 400 ኪሎ ቢሆን፣ አንድ መኪና 16 ቶን ስንቅ ሲይዝ ሞልቷል። 240 ቶኑ ስንቅ 15 መኪና ይፈልጋል እንጂ 12 አይበቃውም። ከዚያ አጎቴ ያለው ሁሉንም አስተካከለልኝ፦ «የፍራሹን መኪና ከሥር ሲሚንቶ አድርጊበት።» ጥይትና ስንቅ አንድ መኪና ላይ፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ሚዛኑም ሳጥኑም እኩል ያልቃሉ። አንድ መኪና ቢጠፋ ደግሞ ስንቁ ብቻ ወይም ጥይቱ ብቻ አልጠፋም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፦ «ደግሞ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ነው የሚጫነው። ጫኝና አውራጁን ስትቀጥሪ መጀመሪያ የምትነግሪው እሷን ነው» አለኝ።

ጥር 16

መድፍ። 18 መድፍ፣ በቀን 100 ጥይት፣ አንዱ 45 ኪሎ፦ 81 ቶን በቀን። አሥር ቀን ቢዋጉ 810 ቶን። የሰው ቀለብ ምንም አይደለም ለካ! ጦር የሚበላው በመድፉ ነው።

መፍትሔው ከስበቱ መጣ። 155 ሚሊ ሜትር መድፍ ጥይቱን በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይተፋል። ምድር ላይ አየሩ ስለሚይዘው ተራው ጥይት ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ዘለል ብሎ ይወድቃል። ማርስ ላይ ስበቱ ደካማ ነው፣ አየሩም የለም በሉት። የአየሩን መጎተት ሳልቆጥር ያገኘሁት ርቀት 172 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። ከፍታው 43 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ አየር ላይ አምስት ደቂቃ ይቆያል። አምስት ደቂቃ! ተኩሰህ ሻይ ብትቀዳ ጥይቱ ገና አልወረደም። ስለዚህ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አይሠራም፣ ስህተቱም ሰፊ ይሆናል። ለምሽግና ለመጋዘን ግን ስድስት መድፍ አንድ ቦታ ቆሞ የሸለቆውን አፍ ዙሪያ ሁሉ ይሸፍናል፣ እንደ ምድር እየተጎተተ ግንባሩን መከተል የለበትም።

18ቱን ወደ 6፣ በቀን 100ውን ወደ 50 አወረድኩ። 13.5 ቶን በቀን፣ ለአሥር ቀን 135። የተቀነሱት 12 መድፎች ቦታ ለመሐንዲሶች ሆነ፤ አሸዋ የሚጠርግ፣ ገደል የሚያስተካክል ተሽከርካሪ። 900 ኪሎ ሜትር መንገድ በሌለበት አገር ይሄ ከመድፍ ይበልጥብኛል።

ጥር 19

ዕቃ ጫኞቹን ቆጠርኩ። ምግብና ኦክስጅን ከነዕቃው 468፣ የመድፍ ጥይት 135፣ ሌላ ተተኳሽ 90፣ የመሐንዲስ ዕቃ 100፣ መለዋወጫ 60፣ ሕክምና 20። 873 ቶን። የ240ው መኪና መመለሻ ነዳጅ 600። ድምር 1,473።

ጫኙ ባዶውን 20 ቶን፣ ተጭኖ 40። ከብረት ለበሱ እጥፍ ስለሚመዝን ለመሄጃ 5 ቶን ድብልቅ ይፈጃል፣ ባዶውን ሲመለስ 2.5። መሄጃውን በራሱ ጋን ይዟል፤ መመለሻው ግን ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል። ለሌላው የሚተርፈው 17.5 ቶን ነው። 85 መኪና። የሚበላሽም ስላለ አሥር በመቶ ጨምሬ 94።

ጠቅላላ 334 ተሽከርካሪ። መጀመሪያ በአንድ መስመር ካገኘሁት 350 ብዙም አልራቀም፤ ግን ከዚያኛው ጋር የሚመሳሰለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ያኛው ውስጥ ነዳጅ አልነበረም፣ ሹፌር አልነበረም፣ አየር አልነበረም።

ለአቧራው ሲባል በመኪናና በመኪና መካከል 100 ሜትር ቢተው ሰልፉ 33 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የፊተኛው ካለፈበት ቦታ የኋለኛው የሚያልፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። አዛዧ ከፊት ሆና ወደኋላ ብትመለከት የጦሯን ጫፍ አታይም፤ ማርስ ከምድር ስለምታንስ አድማሱም ቅርብ ነው።

ጥር 25

የቀረኝ የሮኬቱ ጉዳይ ነው። ሰልፉ ስድስት ቀን ሲጓዝ ጠላት ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ የሸለቆውን አፍ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። 12 ዘላይ መንኮራኩር አላቸው፤ ከከተማ ተነስተው ሸለቆው አጠገብ የሚያርፉ፣ እያንዳንዱ 20 ቶን የሚጭን። ተመልሶ ነዳጅ ሞልቶ እንደገና ለመነሳት ሦስት ቀን ይፈልጋል።

መጀመሪያ አንድ ሻለቃ ከነመኪናው ላዝልል አልኩ። 60 መኪና በ12 መንኮራኩር አምስት ምልልስ ነው። የመጨረሻው ዙር የሚነሳው በ12ኛው ቀን። በጎማ የወጡት ግን በስድስተኛው ቀን ደርሰዋል! መኪና ማዝለል ቀረ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1944 ሆላንድ ላይ የተደረገውን የማርኬት ጋርደን ዘመቻ ሳነብ ያሳሰበኝ ይሄ ነበር። አውሮፕላን ስላልበቃ ጦሩ በአንድ ቀን አልተጫነም፣ በተከታታይ ቀናት ተከፋፈለ። አርንም የተባለችው ከተማ ላይ መጀመሪያ ከወረዱት ውስጥ የተወሰኑት ወደ ድልድዩ መሄድ ሲገባቸው፣ በኋላ ለሚመጡት ማረፊያ ሜዳውን ሲጠብቁ ቀሩ። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ዙር ሁለተኛ ዙርን የማይጠብቅ መሆን አለበት። የሚወርደው ሰው ስድስት ቀን በራሱ የሚቆም፣ ለጥንቃቄ ስምንት ቀን ስንቅ ያለው።

በአንድ መንኮራኩር 27 ሰው፤ ሦስት ሙሉ ጓድ። በ12ቱ 324። ሰዎቹ በእያንዳንዱ 3.9 ቶን፣ ስንቃቸው 1.4 ቶን (ሞተር ስለሌላቸው ነፃ ውሃ የለም፣ 5 ኪሎው ተመልሷል)። ለመጠለያ፣ ለመሣሪያና ለትንንሽ ጋሪዎች 14.7 ቶን ቀረ።

ጥር 28

ካርቶን ቆረጥኩ። የጫማ ካርቶን ነው። የመንኮራኩሩ ሆድ 12 ሜትር በ4 ሜትር፤ በ50 እጥፍ አሳንሼ 24 ሳንቲ ሜትር በ8 አደረግሁት። የታጠፈው መጠለያ 8 በ4፣ ጋሪዎቹ 6 በ3፣ ጥይቱ ትንንሽ አራት ማዕዘን። በሩ አንድ ነው፣ ከኋላ። እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ኪሎዋን በእስክሪብቶ ጻፍኩባት።

መጀመሪያ መጠለያውን ከውስጥ ጥግ አስቀመጥኩት፣ ትልቁ እሱ ስለሆነ። ሌላው በቀላሉ ገባ፣ ቆንጆ ሆኖ ተገጠመ። ከዚያ በጣቴ ማውረድ ጀመርኩ። ጋሪ፣ ጋሪ፣ ጥይት፣ ስንቅ፣ እንደገና ጥይት። መጠለያው ጋ ስደርስ 11 ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። የወታደሩ ልብስ የሚይዘው አየር ለስምንት ሰዓት ነው። 27 ሰው አየሩ እየቀነሰበት፣ ምናልባት እየተተኮሰበት፣ 11 ዓይነት ዕቃ አውርዶ መጠለያውን ያገኛል? የአጎቴ ቃል ትዝ አለኝ። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል። መጠለያው በሩ ላይ መሆን አለበት።

በሩ ላይ ሳደርገው ክብደቱ ወደኋላ አጋደለ። ካርቶኑን ከመሃሉ በእርሳስ ላይ አስቀምጬ ስሞክረው (ቁራጮቹ ላይ ሳንቲሞች እንደ ክብደታቸው ደርድሬ) ዝቅ ብሎ ወደቀ። ሮኬት እንዲህ ሆኖ ቀጥ ብሎ አያርፍም። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ከሱ ጋር ታገልኩ። በመጨረሻ መጠለያውን ለሦስት ትንንሽ መጠለያ ከፈልኩት፣ ለየጓዱ አንድ፣ ዘጠኝ ሰው የሚይዝ። ሦስቱም ከግድግዳው ጋር በረድፍ፣ ሳይደራረቡ፣ በመተላለፊያው በኩል እየተጎተቱ የሚወጡ። ካርቶኑ እርሳሱ ላይ ቆመ።

መጠለያው ሁሉ በአንድ መንኮራኩር አይሂድ ያልኩበትም ምክንያት አለ። በፎክላንድ ጦርነት እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1982 አትላንቲክ ኮንቬየር የምትባል የእንግሊዝ ዕቃ ጫኝ መርከብ በኤግዞሴት ሚሳይል ተመታች። ሦስት ቺኑክ ሄሊኮፕተር ከነድንኳኑ አብሮ ጠፋ፤ የተረፈው አየር ላይ የነበረ አንድ ቺኑክ ነው። በሄሊኮፕተር ይሄዳል የተባለው ጦር አብዛኛው ደሴቲቱን ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ አቋረጠ። አንድ መርከብ ናት። የእኔ 12 መንኮራኩሮች ስለዚህ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዟል። ሁለቱ ቢወድቁ አሥሩ ጎዶሎ አይሆኑም።

የካቲት 1

ስለ ቃኘው ሻለቃ እያነበብኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ኮሪያ፣ ፑሳን ወደብ ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር፤ በሱ ሠልጥነው ወደ ግንባር ወጡ። ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው ከባድ መሣሪያውን ሳይጎትት ነው። ብረቱ ቀድሞ ከደረሰ ሰውን ማጓጓዝ ቀላል ነው።

ይሄ የቀረኝን ችግር ፈታው። አዛዧ ብልህ ከሆነች ጦርነቱ ከመጀመሩ ወራት በፊት ኦክስጅንና ሚቴን በጂኦሎጂ ጥናት ስም መንገድ ላይ አስቀብራለች። በ450ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 300 ቶን፣ አሸዋ ውስጥ። ያ ማለት 17 ጫኝ መኪና ከሰልፉ ይቀነሳል። ግን ጠላት ቦታውን ካገኘው? 4,000 ሰው መሃል ሜዳ ላይ ነው።

የካቲት 3

ምዕራፍ አራትን ጀመርኩ። የሚከፈተው በውጊያ አይደለም። የአቅርቦት ክፍሏ ሃምሳ አለቃ በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ 450ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆማ አሸዋውን በእጇ ትጠርጋለች፤ የተቀበረውን ጋን ታገኛለች፤ ጎንበስ ብላ የማኅተሙን ሽቦ ታያለች። ከኋላዋ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰልፍ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃታል። ሽቦው ተቆርጦ እንደገና ተጠምዝዟል፤ አጠማዘዙ የሷ አይደለም።

ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ነገ የጋኑን ቫልቭ ከካርቶን እሠራለሁ፣ ጓንት ያደረገ እጅ እንዴት እንደሚከፍተው ማየት አለብኝ።